የትከሻዬ መርፌና የጡቴ ራጅ

ሕመሜ የጀመረው ከጡቴ አይደለም። ጡቴ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ያመመኝ ግራ ትከሻዬ ነበር። ሐኪሞቹ ግን ትከሻዬን ሲያክሙ ሕይወቴን አተረፉልኝ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ወረፋ ጠብቄያለሁ፤ ብዙም ፈርቻለሁ። ምናልባት ዛሬ እንደኔ ግራ የገባት እህት ካለች ትስማኝ ብዬ ነው የምተርከው።

አስካለ እባላለሁ። ሃምሳ ዓመት ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አቃቂ ነው፤ አባቴ ምስርና ሽንብራ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዛሬ መጋዘን ሆኗል። እኔ ቃሊቲ፣ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ግቢ አጠገብ፣ የጭነት ሸራ እሰፋለሁ። ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ ሸራው ሲቀደድ ሾፌሩ ጠቅልሎ እኔ ጋ ያመጣዋል። እሱን ወፍራም ሸራ ከመሬት አንስቶ ስፌት መኪና ላይ ማውጣት ትከሻ ይፈልጋል። ባለቤቴ ግርማ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። ከጎኔ ደግሞ ገመድና የጭነት ማሰሪያ የምትሸጥ ከድጃ የምትባል የስልጤ ሴት አለች። ጎረቤት ከሆንን ብዙ ዘመናችን ነው፤ እኔ በጾም እሷ በረመዳን ስንተዛዘን፣ ልጆቻችንን አብረን ስናሳድግ ኖረናል።

ትከሻዬ የያዘኝ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ፀጉሬን ስሠራ ቆንጠጥ ያደርገኝ ጀመር። ከዚያ የጡት መያዣዬን ከኋላ መቆለፍ አቃተኝ። ቆይቶ በግራ ጎኔ መተኛት ቀረ። ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ስሄድ፣ «ብርድ ነው፤ ነፋስ መቶሽ ነው» ብለው ማስታገሻ ወጉኝ። ለሁለት ቀን ተሻለኝ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ። ሌላ ክሊኒክ፣ «ከአንገትሽ የመጣ ነርቭ ነው» ብሎ አንገቴን ራጅ አስነሳኝ። ቫይታሚን ዋጥኩ። ምንም የለም።

በመጨረሻ ሰው መክሮኝ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ «ትንሽ ታገሽኝ ልጄ» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት የጮህኩት ጩኸት መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሰምቷል አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልነሳም አለ። በቃ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ እዚያው ቆመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ነገር ደግሞ ከኋላዬ ይጎትተኝ ነበር። ታላቅ እህቴ እትዬ ጌጤ የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። ጡቷ ቆስሎ ልብሷን ማራስ እስኪጀምር ድረስ ለማንም አልነገረችም። ሆስፒታል ስናስታምማት አንዲት ሐኪም ወደኔ ዞር ብላ፣ «እርስዎም ይመርመሩ፤ ሳያምዎት ነው የሚታየው» ብላኝ ነበር። ኀዘኑ፣ ሥራው፣ ትከሻው እያለ ቀኑ ገፋ። አንድ ጠዋት ከድጃ ሱቋን ዘግታ መጣች።

«ተነሽ፣ እንሂድ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«የእትዬ ጌጤ ሐኪም ያለችሽ ምርመራ። ትከሻሽ እስኪድን ብትይ ወላሂ ዓመቱ ያልቃል።»

በሚኒባስ ተሳፍረን ከተማ ገባን። የጡት ራጅ የሚነሳበት ክፍል ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ከፌስታል ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ፤ «ያዢ ልጄ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ፍርሃት ይበረታል» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያን ቆሎ አልረሳውም።

የራጅ ባለሙያዋ ለጋ ወጣት ነች። ማሽኑ ጡትን በሁለት ሳህን መሃል ጠፍጠፍ አድርጎ ይዞ ፎቶ ያነሳል። ሳህኑ ስለሚቀዘቅዝ ልጅቱ በመዳፏ ታሟሙቀው ነበር። ከላይ ወደ ታች የሚነሳው ቀላል ነው፤ ተነሳሁ። ችግር የመጣው በጎን በኩል ሲነሳ ነው። ለዚያ ክንድ ከፍ ብሎ ማሽኑ ላይ መጋደም አለበት፤ ብብትና የጡት ጎን ፎቶው ውስጥ እንዲገባ።

«እናቴ፣ ክንድዎን እዚህ ላይ ያድርጉልኝ።»

«አይነሳልኝም ልጄ።»

ማሽኑን ዝቅ አደረገችው። በጎን ሞከረች። ዞሬ ሞከርኩ። እንባዬ እስኪመጣ ጥርሴን ነክሼ ሞከርኩ። ክንዴ አልሄደም። ልጅቱ ቀስ ብላ ልብሴን ትከሻዬ ላይ አለበሰችኝና፣ «ይበቃል እናቴ፣ አላስጨንቅዎትም። የተገኘውን ለዶክተሯ አሳያታለሁ» አለችኝ።

ዶክተሯ ምስሉን የምታነበው ሐኪም ናት፤ መነጽር የምታደርግ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት። አልትራሳውንድም ጨመረችልኝ። ከዚያ ከድጃን አጠገቤ አስቀምጣ፣ «ባየሁት ልክ መጥፎ ነገር አላየሁም። ግን የግራ ጡትዎ የጎን ክፍል ወደ ብብት ያለው ራጁ ውስጥ አልገባም። አልትራሳውንድ የማያያቸው፣ ራጅ ብቻ የሚያያቸው ደቃቅ ነገሮች አሉ። ትከሻዎን ይታከሙና ተመልሰው ይምጡልኝ፤ አደራ» አለችኝ።

ማታ ለግርማ ስነግረው እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። «ተመስገን! የለም ተብለሻል» አለ።

«ያልታየ ቦታ አለ ነው ያለችው።»

«አስካለ፣ የሌለ ነገር አትፈልጊ። ጌጤን ቀብረን ሳንጨርስ…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ወጣ። ግርማ ፈሪ ሰው አይደለም። ግን እህቴን ስንቀብር ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበረ፤ የዚያን ሣጥን መቅለል ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አንስቶልኛል።

የአጥንት ሐኪም ጋ የሄድኩት በዶክተሯ ጥቆማ ነው። ሐኪሙ ክንዴን በአራቱም አቅጣጫ አንቀሳቅሶ፣ ስኳር አለብዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስኳር ካለብኝ ቆይቷል፤ ክኒን እወስዳለሁ። «ይኼ ብርድም ነርቭም አይደለም» አለኝ። «የትከሻ መገጣጠሚያው ሽፋን ተቆጥቶ ጠንክሯል፤ ትከሻው ደርቋል እንላለን። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። በጉልበት ሲጎተት ደግሞ ይብስበታል። መገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ልሰጥዎት እችላለሁ፤ ቁጣውን ያበርደዋል፤ ከዚያ በእንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ይፈታል።»

ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ ግርማ ስልኩን ይዞ ጠበቀኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የሚያወራበት ቪዲዮ አሳየኝ። ሰውየው ስቴሮይድ ዕጢን ይደብቃል፣ ምርመራን ያሳስታል ይላል።

«በይ ስሚ» አለኝ ግርማ። «ይኼን ተወግተሽ ያ ፎቶ ቢነሳ፣ ቢኖርብሽም የለም ይሉሻል። ጌጤ ደበቀችው፤ አንቺ ደግሞ በመርፌ ልትደብቂው ነው?»

አሁን ችግሬን አስቡት። መርፌውን ካልተወጋሁ ክንዴ አይነሳም፤ ክንዴ ካልተነሳ ያልታየው ቦታ አይታይም። መርፌውን ከተወጋሁ ደግሞ ፎቶው ይዋሸኛል። በየትኛው በኩል ብሄድ ገደል መሰለኝ። ብዙ ቀን እንዲሁ አለፈ። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ስለ ጋራዥ፣ ስለ ሸራ እናወራለን፤ ዋናው ነገር መሃላችን ተቀምጧል። ሌሊት ስነቃ እጄ ሳላዘው ወደ ብብቴ ይሄዳል። ይዳብሳል። ምንም የለም። ምንም ባለመኖሩ ደግሞ አላምነውም።

በመጨረሻ ከድጃ ተቆጣች። ገመድ እየመተረች ነበር፤ ወረወረችው።

«አስኩ፣ ስልክ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ያቺን ባለመነጽር ዶክተርስ?»

«አውቃታለሁ።»

«ታዲያ የምታውቂያት ሰው እያለች የማታውቂውን ምን አስጨነቀሽ? ሄደሽ ጠይቂያት። ግርማም ይምጣ፣ በጆሮው ይስማ።»

ሄድን፤ ሦስታችንም። ዶክተሯ ሥራ በዝቶባት ነበር፤ ሆኖም በር ላይ አላቆመችንም። ጥያቄዬን ስጠይቃት ትስቅብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀችም።

«ጥሩ አድርገው ጠየቁኝ» አለች። «የትከሻው መርፌ የሚገባው መገጣጠሚያው ውስጥ ነው፤ የሚሠራውም በአብዛኛው እዚያው ነው። ጡት ውስጥ ያለ ነገርን ከራጅ አይሰውርም።»

«ቪዲዮው ላይ ግን…» አለ ግርማ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ።

«ገባኝ። ስቴሮይድ በክኒን ወይም በደም ሥር በብዛት ሲሰጥ አንዳንድ የዕጢ ዓይነቶችን፣ በተለይ የንፍፊት ካንሰርን፣ ለጊዜው ሊያሟሽሽ ይችላል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ መርፌው ጡት ላይ ወይም ጡት አጠገብ ቆዳ ላይ ከተወጋ፣ ለምሳሌ ለጠባሳ፣ ቆዳው ሊሰረጉድ ይችላል፤ ያ ዓይናችንን ሊያሳስት ይችላል። ክንድ ላይ ክትባት ሲወሰድም የብብት ንፍፊት ለጥቂት ሳምንት ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ እኛ አትወጉ አንልም። ንገሩን ነው የምንለው። ምን፣ መቼ፣ በየትኛው ጎን እንደተወጋችሁ ንገሩን።»

ከዚያ ወደ ግርማ ሙሉ ለሙሉ ዞረች። «እኔን የሚያሳስበኝ የማላየው ቦታ ነው። ክንዳቸው ይነሳልኝ፤ ሌላውን ለኔ ይተዉልኝ።»

ግርማ ኮፍያውን ማዞር አቆመ። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ፣ «መቼ ነው የምትወጊው?» ብቻ አለኝ። ከድጃ ከኋላ ሆና «አልሐምዱሊላህ» ስትል ሰማኋት።

መርፌው ከፈራሁት በታች ነበር። ሐኪሙ ቦታውን በአልትራሳውንድ እያየ ወጋኝ፤ መወጠር እንጂ ያን ያህል ሕመም አልነበረውም። «ለጥቂት ቀናት ስኳርዎ ከፍ ይላል፤ ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ካልወረደ ወይም ከነገርኩዎት በላይ ከወጣ ይደውሉልኝ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነው። በማግስቱ መለኪያዋ ላይ የወጣውን ቁጥር ሳላምን ደግሜ ለካሁ። አፌ ውሃ ውሃ ይላል። ግርማ «አላልኩሽም?» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ምን መብላት፣ ምን መተው፣ ክኒኔን እንዴት ማድረግ እንዳለብኝ ነገረኝ። ሳምንቱ ሳያልቅ ስኳሬ ወደ ነበረበት ወረደ። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታውቁ እንዳትወጉ። ማወቅ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነው።

ከዚያ የእንቅስቃሴው ጊዜ መጣ። ሐኪሙ ያሳየኝ፣ ከግድግዳ ፊት ቆሞ ጣትን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ማስኬድ ነው። እኔ የሱቄን የብረት በር ተጠቀምኩ። መጀመሪያ ቀን ከአፍንጫዬ አላለፍኩም። ግርማ ማታ ማታ ከጋራዡ ዘይት በነካው እጁ ጠመኔ ይዞ ይመጣና ጣቴ የደረሰበት ላይ ያሰምራል። ምንም አይናገርም፤ ያሰምርና ይሄዳል። አንዳንድ ሾፌሮች ያንን ሲያዩ «እመቤት፣ የልጅ ቁመት ነው የምትለኪው?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አንድ ቀን መስመሩ ከራሴ በላይ ሆነ። ግርማ ራሱ ተንጠራርቶ አሰመረና እንደ ልጅ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ለኔ ደግሞ ያ ክንድ የኔ አልመሰለኝም። ስንት ወር ሙሉ ድንጋይ የነበረ ነገር፣ አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ፈሳሽ ገብታበት፣ ጅማቱን እየፈታ ወደ ሰማይ ሲወጣ ቆሜ አየሁት።

ወደ ጡት ራጁ ተመለስን። ያችው ልጅ ነበረች። ሳህኑን አሟሟቀች። «በቅርብ የተወጋሁት መርፌ አለ፤ ትከሻዬ ላይ፣ በግራ» አልኳት። ጻፈችው። «እስኪ ክንድዎን» አለችኝ። አነሳሁት። ማሽኑ ላይ ተጋደመ። ልጅቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እሰይ እናቴ!» አለች። ተጫነኝ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ማሽኑ ጢዝ አለ፤ አለቀ።

አግዳሚው ላይ ከከድጃ ጋር ተቀምጠን ሳለ ልጅቱ ወጥታ «አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና» አለችኝ። እንደገና ስትል ገባኝ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ከድጃ እጄን ያዘች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትቀራውን አላውቅም፤ ለኔ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ዶክተሯ አስገባችን። «ላሳይዎት ወይስ ልንገርዎት?» አለችኝ።

«አሳዪኝ።»

ስክሪኑን አዞረችልኝ። እኔ ጡቴን ከውስጥ አይቼው አላውቅም። ማን አይቶ ያውቃል? ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነበር። ከጫፉ ተነስተው ወደ ውስጥ የሚበታተኑ ክሮች አሉ፤ እንደ ሣር ሥር ቅርንጫፍ ያወጡ፤ አንዱ አንዱን ሳይነካ እየተሻገረ የሚሄድ። እኔ ስፌተኛ ነኝ፤ ክር አውቃለሁ፤ እንዲህ የተፈተለ ክር ግን አላየሁም። የሚያስፈራኝን ነገር ልታሳየኝ እንደሆነ እያወቅሁ ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቴን ረሳሁት። «ይኼ እኔ ነኝ?» አልኳት።

«እርስዎ ነዎት» አለች፤ ፈገግ አለች። ከዚያ እርሳሷን ወደ ላይ፣ ወደ ብብት ወዳለው ጥግ ወሰደችው። እዚያ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተጠጋግተዋል። አጠገባቸው ከምስር የማትበልጥ፣ ጠርዟ የተንጨባረረ ነጭ ነገር አለች። «ባለፈው ያልገባልን ቦታ ይኼ ነው። ምን እንደሆነ በራጅ ብቻ አልናገርም። ናሙና እንወስዳለን።»

ከምስር አትበልጥም! ከድጃ ጎንበስ ብላ አየቻት። እጄን ብብቴ ውስጥ አስገብቼ ስንት ጊዜ ዳብሻለሁ፤ ጣት አያገኛትም፤ ሕመም የላትም። እትዬ ጌጤ የነበረባት ነገርም አንድ ቀን ይህን ያህል ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለራሴ ሳይሆን ለሷ።

ዶክተሯ የት መፈለግ እንዳለባት ስላወቀች በአልትራሳውንድ አጥብቃ ስታይ አገኘቻት፤ በመርፌ ናሙና ወሰደች። መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ያላለፈበት አያውቀውም። ሸራ እሰፋለሁ፤ ስፌቱ ይጣመማል፤ እፈታለሁ። ግርማ ያለ ምክንያት በቀን ብዙ ጊዜ መንገዱን እየተሻገረ ይመጣል። «ውሃ አለሽ?» ይላል። ጋራዡ ውስጥ ቧንቧ አለው።

መልሱ ካንሰር ነው። ትንሽ ነው፤ ገና ጅምር ላይ ነው፤ ከብብቴ ንፍፊት የተወሰደው ደግሞ በኋላ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ «ጡትዎን በሙሉ ማንሳት ላያስፈልግ ይችላል፤ ያለበትን ቦታ አንስተን ጨረር እንጨምርበታለን» ሲለኝ ግርማ ድንገት ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«መርፌውን ብከለክልሽ ኖሮስ?» አለኝ።

«አልከለከልከኝም።»

«ብከለክልሽስ?»

«ግርማ፣ ጠይቀህ ሰማህ። ስንቱ ሰው ነው ጠይቆ የሚሰማ?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ከጎኔ አልጠፋም። ለወጪው አንዷን የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ፤ ልጆቹም አገዙን። ከድጃ ሱቄን ከሱቋ ጋር ደርባ ትከፍትና ትዘጋ ነበር፤ ሸራ መስፋት ባትችልም ደንበኛ አባብላ ትመልሳለች።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን ሰድጄ ጡቴ መኖሩን መዳሰስ ነው። ነበረ፤ በፋሻ ተጠቅልሎ። የጨረሩ ወረፋ ግን ረጅም ነው፤ ያንን ማንም አይሸሽገውም። ጥሪ ስጠብቅ ስልኬን አጠገቤ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ተራዬ ደርሶ ስገባ ባለሙያው ጠባብ አልጋ ላይ አስተኛኝና፣ «ክንድዎን ከራስዎ በላይ ያድርጉ፤ እስክንጨርስ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል» አለኝ። ክንድ! እዚህም ክንድ! አነሳሁት፤ ቆየልኝ። ማሽኑ በላዬ ላይ ዞረ። ብርሃን የለው፣ ሙቀት የለው፣ የሚነካ ነገር የለው። ሰው የማያየውንና የማይሰማውን ነገር ሰው ራሱ ሠርቶ፣ ለክቶ፣ ከልቤ አጠገብ አሳልፎ፣ ልቤን ሳይነካ ያንኑ ቦታ ብቻ ይመታዋል። በየቀኑ ስተኛ በየቀኑ ገረመኝ። ልማድ ሆኖ እንኳ መገረሜ አልቀረም።

ቆዳዬ ጠቆረ፤ ድካሙ ከባድ ነበር፤ በምንኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃው ላይ ሁለት ቦታ እየተቀመጥኩ ነበር ቤቴ የምደርሰው። ጎረቤቶቼ ይህን ሲያዩ አንዱ ወንበር አውጥቶ ደረጃው መሃል ላይ አስቀመጠልኝ። ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። ጊዜ ሲያልፍ ወንበሩን ማለፍ ጀመርኩ። ወደ ሸራዬ ተመለስኩ፤ ከባዱን የሚያነሳልኝ ሰው ቀጥሬ። ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ አንድ ክኒን እውጣለሁ፤ ለዓመታት መውሰድ አለብኝ፤ አንዳንዴ ሙቀት ያነደኛል፤ ይሁን።

እህቶቼ፣ የኔ ምክር አጭር ነው። «ካንሰር የለብሽም» እና «ያየነው ቦታ ላይ የለም» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ልዩነቱን ጠይቁ። ሐኪም የጻፈላችሁን መርፌ በወሬ አትተዉ፤ ሐኪም ሳይጽፍላችሁም አትወጉ። ስትመረመሩ የተወጋችሁትን ሁሉ ተናገሩ። የሰውነታችሁ አንድ ክፍል አልታዘዝ ካለ ሌላውን ለማየት እንቅፋት ሊሆን ይችላል፤ አታቆዩት።

በዓመቱ ለክትትል ስሄድ ከድጃ እንደ ልማዷ አብራኝ ነበረች። ክንዴን አነሳሁ፤ ፎቶው ተነሳ፤ ዶክተሯ አየችና «ንጹሕ ነው» አለችኝ። ከወንበሬ ስነሳ ከድጃ አልተነሳችም። ሂጃቧን አስተካክላ ዶክተሯን ቀና ብላ አየቻት።

«እኔስ?» አለች። «እኔን ማን ያየኛል?»

በዚያው ዕለት አስገቧት። አግዳሚው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ጠባቂ ሆንኩ። የሌላ ሰው ውጤት መጠበቅ ከመጠበቅ ሁሉ ይብሳል፤ እሷ ስንት ጊዜ ይህን እንዳደረገችልኝ ያን ቀን ገባኝ። ቆይታ ወጣች። ምንም እንዳልተገኘባት ዶክተሯ በር ላይ ቆማ ነገረችን። ከድጃ ግን የሰማች አትመስልም። ግቢውን ወጥተን፣ አስፋልቱን ተሻግረን፣ ታክሲ መጠበቂያው ደረስን።

«ምን ሆንሽ ከድጄ?» አልኳት። «ደህና ነሽ ተብለሻል እኮ።»

«አሳየችኝ» አለች፤ ዓይኗ ሞልቷል። «ያንን ክር ሁሉ። አምስት ልጅ ያጠባሁበትን፣ አስኩ፣ ዛሬ ገና አየሁት።»